ከጥቁሩ ሻሽ ሥር

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ዛሬም ፎቶው ደበዘዘ። ስልኩን ወደ ኋላዬ አዙሬ፣ እጄን ጠምዝዤ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ አነሣሁ። አምስቱ ግድግዳ። አራቱ ጆሮዬ። ከቀሩት ሦስት አንዷ ብቻ ትንሽ ታሳያለች፤ ከግራ ጆሮዬ በስተኋላ፣ ከማጅራቴ ከፍ ብላ፣ ክብ። ኅዳር ላይ የሃምሳ ሳንቲም ታህል ነበር። አሁን የሲኒ አፍ ታክላለች። ጸጉር የሚባል የለባትም። ስዳስሳት ልስልስ ያለች ናት፤ የሌላ ሰው ቆዳ የነካሁ ይመስለኛል።

አሥራ አንድ ቀን ቀረኝ።

ለማንም ስለማልናገረው እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። እናቴ አምና ጥር 24 ቀን ሞተች። የዚያን ዕለት፣ ከጥሊሊ ከፍ ብሎ ባለው ሠፈራችን፣ እናቴ ደጃፍ ላይ ጸጉሬን ተላጨሁ፤ ከል ለበስኩ፤ ጥቁር ሻሽ አሰርኩ። አሁን ሙት ዓመቷ ደረሰ። ያን ቀን ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ እትዬ ጥሩወርቅ፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ሻሼን ይፈቱና ራሴን ቅቤ ይቀቡኛል። ከሌ ይወልቃል፤ ነጭ እለብሳለሁ፤ ሐዘንሽ በቃ እባላለሁ። ወጉ ነው። የሠፈሩ ሴቶችም ጸጉሬ ስንት ጣት እንዳደገ እየለኩ ይመርቁኛል።

ያቺን ክብ ያዩዋታል።

ጎረቤቴ አስቴር አመሻሽ ላይ በሬን አንኳኳች። ልብስ ሰፊ ናት። የምንከራየው አንድ ግቢ ነው፤ የእኔን አልጋና የእሷን የስፌት መኪና የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ትር ትር ትር ሲል ይውላል። "ውባለም፣ ሻይ አፍልቻለሁ፣ ነይ" አለችኝ ከውጭ ሆና። ራሴን አሞኛል አልኳት። ውሸት ነው ለማለትም ያስቸግራል።

ረቡዕ፣ ጥር 14

እንጅባራ ጉም ለብሳ አደረች። መዝገብ ቤት ገብቼ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ጣቴ አልተፍታታም። ሥራዬ መዝገብ ማውጣት፣ መዝገብ መመለስ ነው። ሰው የሚያየው ወረቀቱን ነው፣ እኔን አይደለም። ዘንድሮ ይኸ ጠቅሞኛል።

ጋሽ ሞላ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ "ከልሽ መቼ ነው የሚወልቅ?" አሉኝ። በሃያ አራት አልኳቸው። "ተመስገን፤ ጥቁር ሲበዛ ዓይን ያደክማል" አሉና ወደ መዝገባቸው ተመለሱ። ደግ ሰው ናቸው። ግን ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ የሻሼን ቋጠሮ ስነካካ ዋልኩ።

እስካሁን የሞከርኩት ይኸ ነው፦

ለጋ ቅቤ። ትራሴ ወዛ፤ ሌላ የለም።

የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ። መዝገብ ቤቱ ሸተተ። ጋሽ ሞላ "የማን ምሳ ነው የተከፈተው?" አሉ። እኔም አብሬያቸው ፈለግሁ።

ሬት። ራሴን ተቀብቼው እንዴት አፌ እንደገባ እንጃ።

የጉሎ ዘይት። ስልክ ላይ ያየኋት ልጅ "በአሥር ቀን" ብላ ነበር። የእሷ ጸጉር ወገቧ ይደርሳል፤ ከዘይቱ በፊትም እዚያው ነበር መሰለኝ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ተወቅጦ፣ በሻሽ ታስሮ ያደረ። አቃጠለኝ። ቆዳዬ ተላጠ። ያን ቀን በራሴ አፈርኩ፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ የተማረች፣ ራሷን እንደ ወጥ ቀመም ቀመም ያደረገች።

መላጨቱም አንዴ ብቻ አልነበረም። በአርባዋ ደገምኩ፣ በሰማንያዋ ሠለስኩ። የሠፈር ሴቶች "ደጋግመሽ ተላጪው፤ ሲላጭ ነው የሚወፍር" አሉኝ። አመንኳቸው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የነገሩትን ሁሉ ያምናል።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ዛሬ እውነቱን ልጻፍ።

እናቴ አምና ከጥምቀት በፊት ደወለችልኝ። "ጸጉርሽን ማን ሠራልሽ?" አለችኝ። ማንም አልኳት። "እንደ ተበተነ ነው? በይ ለጥምቀት ነይና ልሥራልሽ።" ሥራ በዝቶብኛል፣ ለአስተርዮ እመጣለሁ አልኳት። ለአስተርዮ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። አስተርዮ ሃያ አንድ ነው። በሃያ አራት ሞተች።

ሥራ አልበዛብኝም ነበር። ብርድ ነበር። መኪና መጠበቁ፣ ከጥሊሊ ወደ ላይ በእግር መውጣቱ ሰለቸኝ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ይኸን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቀብሯ ላይ የደረስኩት ጸጉሬ ተበታትኖ ነው። የላጨችኝ ሴት ማበጠሪያ እንኳ ያላየ ጸጉር ነው የላጨች። በአርባዋ ደግሞ አንዲት የሠፈር ባልቴት፣ እሜቴ ዘርፌ፣ ከእኔ ራቅ ብለው ለሌላ ሴት "ጸጉር በእናት ምርቃት ነው የሚያድግ" ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ይበሉት ለሌላ አላውቅም። እኔ ግን ለራሴ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ ይችን ክብ በዳሰስኩ ቁጥር እሱ ይመጣብኛል። እናቴ ቅር ብሏት ሄዳ ቢሆንስ? ሴቶቹ አይተው ያን ቢያስቡስ? እነሱ ቢያስቡ ግድ የለኝም ልል ነበር፤ ግድ አለኝ። ከሁሉ የባሰው ግን እኔ ማመኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ዳንግላ ደርሼ መጣሁ። እንጅባራም ክሊኒክ ሞልቷል፤ የሚያውቀኝም ሰው ሞልቷል። ሚኒባሱ መንገድ ላይ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ፣ ከሰል ሲጭን ሩብ ሰዓት ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "ለቅሶ ነው የምትሄጅ?" አለችኝ። ከልና ጥቁር ሻሽ ለብሶ ለሠርግ የሚሄድ የለም፤ አዎ አልኳት። "እግዜር ያጥናሽ" አለችኝ፤ ሳላስበው ዓይኔ ሞላ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘኋት ሲስተር ወጣት ናት፤ ከእኔ ታንሳለች። "ፍቺው" አለችኝ። እጄ ቋጠሮው ላይ ቀረ። እሷም አልቸኮለችም፤ እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ከደነች። ፈታሁት።

"ቤትሽ ብቻሽን ስትሆኚ ትፈችዋለሽ?"

አልፈታውም።

"ስትተኚስ?"

አልፈታውም።

"ታጥበሽ ሳይደርቅ ታስሪያለሽ?"

አዎ።

ከዚያ መስኮቱ ጋ አዙራ አየችኝ። ቆረቆር አይደለም አለች፤ ቅርፊት አላወጣም፣ አያሳክክም፣ የተሰባበረ ጸጉርም የለበትም። ላሽ ነው። የገዛ ሰውነቴ የጸጉሩን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያባርረዋል። አይተላለፍም። ሥሩ አልሞተም። "የሠራሽው ነገር የለም" አለችኝ፤ እኔ ምንም ሳልጠይቃት።

ከዚያ ግን ሌላ ሌላውን ጠየቅኋት። መላጨቱስ? ሳቀች። ጸጉር የሚያድገው ከሥሩ ነው፣ ከጫፉ አይደለም፤ ምላጭ ሥሩን አያገኘውም፣ ስለዚህ አያወፍረውም አያሳሳውምም። አዲስ ሲወጣ ጫፉ ዱልዱም ስለሆነ ወፍራም ይመስላል እንጂ። ደግሞ ሁሉም ጸጉር እኩል አያድግም አለች፤ አንዱ ሲያድግ አንዱ ያርፋል፣ ያረፈው ይወድቃል፣ በቦታው ሌላ ይመጣል። በወር የምታድገው ከጣት ስፋት ያነሰች ናት። ብዙ ያዘነ ሰው፣ ብዙ የታመመ ሰው ጸጉሩ የሚሳሳው ወዲያው አይደለም፤ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ሰውየው ደህና ሆንኩ ባለ ጊዜ።

"ይመለሳል?"

"ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ቀን ቆርጬ ልነግርሽ ግን አልችልም።"

ሊዋሸኝ ያልፈለገ ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

የሚቀባ መድኃኒት ሰጠችኝ። ደምም አየችልኝ፤ አንሷል። ሻሹ ደግሞ ግንባሬ ላይ ያለውን ጸጉር እየጎተተ አሳስቶታል። በመጨረሻ "እስካሁን ማን እያየልሽ ነው?" አለችኝ። ስልኬ አልኳት። "ስልክ ጀማሪውን ጸጉር አያይም። በየሳምንቱ በቀን ብርሃን የሚያይልሽ ሰው ያስፈልጋል። ሰው አለሽ?"

አለ አልኳት።

መመለሻዬን ሙሉ ማን እንደሆነ ሳስብ መጣሁ። ማንም አልመጣልኝም።

እሑድ፣ ጥር 18

ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሬን ቆለፍኩ። ሻሹን ፈታሁ። ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ራሴን ገልጬ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ከማን ነበር የምሸሽ? ብርድ ብርድ አለኝ። እኔው ወደ ግድግዳ ያዞርኩትን መስታወት መለስኩት። ከፊት ጸጉሬ አራት ጣት ሆኗል። ቡናማ ቢጤ ሆኖ፣ ወዝ አጥቶ፣ ግን አድጓል። ሳላውቀው ሲያድግ ከርሟል።

ሲስተሯ ያለችኝን፣ እንዳይጠፋብኝ፦

ስታጠቢ ለብ ባለ ውኃ፤ በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ።

ሳይደርቅ አታስሪ። ሲታሰርም ላላ ይበል።

ስታበጥሪ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ሥሩ። እኔ ዕድሜ ልኬን ከሥሩ ነበር የምጎትት። እናቴ ግን ከጫፉ ነበር የምትጀምር፤ አሁን ትዝ አለኝ።

ቅቤ ጸጉሩን ያለሰልሰዋል፣ ሥር ግን አያበቅልም። ሽንኩርት ወደ ድስቱ ይመለስ።

ምስር፣ ጎመን፣ በፍስክ ቀን እንቁላል። ዘንድሮ ቁርስ የሚባል ነገር ትቻለሁ፤ ብቻዬን መብላት ስለሚደብተኝ። ይኸን ለሲስተሯ አልነገርኳትም።

ታጥቤ፣ ፀሐይ ልሞቅ መስኮቱ ጋ እንደተቀመጥኩ አስቴር አንኳኳች። ዘልዬ ሻሼን አሰርኩ፣ በእርጥቡ። ምክሩን ጽፌ ቀለሙ ሳይደርቅ። በሩን ገርበብ አደረግሁ። ጎመን ይዛልኝ መጥታ ነው። "ጉባኤ ሄጄ ነበር፤ ጸለይኩልሽ" አለችኝ። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በሃይማኖት አንገናኝም፣ በግድግዳ እንጂ። ማን ጸልይልኝ አላት ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። ጎመኑን ግን ተቀበልኩ።

ባሏ ለመንገድ ሥራ ከሩቅ አገር ይዟት መጥቶ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ እሱ ሄደ፣ እሷ ቀረች። ብቻዋን ከቀረች ሁለት ዓመቷ ነው። ስለሱ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉ። "ቅዳሜ እንዳታረፍጅ፤ ዓርብ መጥተሽ እኔ ዘንድ እደሪ። ለጋ ቅቤ ተንጦልሻል።"

ድፍረቴን ሰብስቤ፣ "እትዬ፣ ከሉ ብቻ ቢወልቅ አይበቃም? ቅቤውን እዚህ ቤቴ ብቀባስ?" አልኳቸው።

ኔትወርኩ የጠፋ መስሎኝ ነበር። "አንች ልጅ፣ ራሱን በራሱ ከሐዘን የሚያወጣ ማን ነው?" አሉኝ። አሁን ኔትወርኩ በእውነት ጠፋ።

ያሰብኩት፦ አንደኛ፣ ታመምኩ ብሎ መቅረት። የእናቴን ሙት ዓመት ቀርቼ ደግሞ በምን ዓይኔ። ሁለተኛ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር መቀጠል። ቅቤ ሲነካው ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ሁሉንም እንደገና መላጨት። ሐዘኔ አልወጣልኝም፣ ዳግመኛ ተላጨሁ ብል ማን ይከሰኛል? እንዲያውም "እንዴት ያለች ልጅ" ይሉኛል። ከተላጨሁ በኋላ ሻሽ እንዳይፈታ እለምናለሁ።

ከሥራ ስወጣ ምላጭ ገዛሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። አምና እመጣለሁ ብዬ የቀረሁበት ቀን።

ቢሮ ዝግ ነው። ምላጩን ከነወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ውኃ አሞቅሁ። ውኃው በረደ። ደግሜ አሞቅሁ። አራት ጣት ጸጉሬን እየነካሁ ስንት ወር እንደሆነ ቆጠርኩ፤ ከሰማንያዋ ወዲህ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ዘልቄ የያዝኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ እሱንም እኔ አልያዝኩትም፣ ራሱ ነው ያደገ። በሱ መጨከን ከበደኝ። ቢሆንም ምላጩን ከወረቀቱ አወጣሁት።

በሩ ተንኳኳ። አስቴር ናት። "ሱቁ ሁሉ ዝግ ሆነብኝ፤ ምላጭ ይኖርሻል? የሰው ቀሚስ አበላሽቼ ስፌቱን ልፈታ ነው።"

እጄ ላይ ነው ምላጩ። ሰጠኋት።

"አንቺ አትፈልጊውም?"

አልፈልገውም አልኳት። ስትሄድ ያሞቅሁትን ውኃ ደፋሁት። እሷ ግድግዳው ወዲያ ሆና ስፌቷን ስትፈታ ዋለች፤ መኪናው ዝም አለ። ዝምታው ከትርትርታው የበለጠ ያስጨንቃል። ባዶ ቤት መሰለኝ፣ የእሷም የእኔም።

ምላጩን አመሻሽ ላይ መለሰችልኝ፤ ደንዟል። እንኳን ጸጉር ቅቤም አይቆርጥ።

ዓርብ፣ ጥር 23

ጥሊሊ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ ላይ በእግር። ማሳው ድንች የተነቀለበት ነው። ዳገቱ እንደ አምናው ነው፤ እግሬ ግን ቶሎ ደረሰ። ያን ያህል አይርቅም። አምናም አይርቅም ነበር።

የእናቴን ቤት ከፍቼ ገባሁ። ሚዶዋ፣ ያቺ የእንጨት ማበጠሪያዋ፣ ምሰሶውና ግድግዳው መሐል እንደ ተሰካች አለች። ማንም አላነሣትም። ጥርሶቿ መሐል ጸጉር ነበረ፤ የእኔ ይሁን የእሷ እንጃ። አልነካሁትም።

እትዬ ቤት ሴት ሞልቷል። ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአዊኛ ያወራሉ፣ ወደ እኔ ሲዞሩ በአማርኛ፤ እኔ ከተማ ቆይቼ አዊኛዬ መሰባበር ጀምሯል። ብቻቸውን ባገኛቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ብቻቸውን የሚሆኑበት ደቂቃ የለም። አንዴ ጓዳ ተከትያቸው ገባሁ፤ "እትዬ…" ስል "ድስቱን ያዥልኝ" አሉኝ። ያዝኩ። እሜቴ ዘርፌም መጥተዋል፤ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ "ከስተሻል" አሉኝ።

የማመልጥበት የለኝም።

እሑድ፣ ጥር 25

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። እጄ ቅቤ ነበር።

ከቅዳሴና ከጸሎቱ በኋላ፣ ሰው በልቶ ከጠጣ በኋላ፣ ሴቶቹ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እትዬ ዱካ ላይ፣ እኔ መሬት፣ ጀርባዬን ለጉልበታቸው ሰጥቼ። ልክ እናቴ ጸጉሬን ስትሠራኝ እንደምቀመጠው ነው። ሻሹን ፈቱት። ነፋሱ ነካኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቅቤው ቀዝቃዛ ነው። እጃቸው ከግንባሬ ጀመረ፣ መሐል አናቴን አለፈ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ከጆሮዬ ኋላ ሲደርስ ቆመ። ጣታቸው ዳር ዳሩን አንዴ ዞረ። ከዚያ መዳፋቸውን እንዳለ ክቧ ላይ ጫኑትና እዚያው ተዉት። ሙቀቱ ይሰማኛል። በሌላው እጃቸው መቀባታቸውን ቀጠሉ።

እሜቴ ዘርፌ "እስቲ እንየው፣ ስንት ጣት ሆነ?" ብለው ተነሡ።

"አራት ጣት ሆኗል። ቅቤው ይርጋበት፤ ተቀመጭ" አሉ እትዬ።

"ሹሩባስ አይሠራም?"

"ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ። ይቆያል" አሉና ከላይ ያለውን ጸጉር ወደ ታች አበጠሩት፤ መዳፋቸውን ሲያነሡ ቀድሞ ጸጉሩ ነው የተተካ። ከሌ ወለቀ። ነጭ ነጠላ አለበሱኝ። ሴቶቹ መረቁኝ፤ እሜቴ ዘርፌም መረቁኝ፣ ከሁሉም አስረዝመው። ደግ ምርቃት ነበር። ዓመቱን ሙሉ በሳቸው ንግግር ስቃጠል ከረምኩ፤ ሴትዮዋ ግን የተናገሩትን የሚያስታውሱትም አይመስለኝም።

ዛሬ ጧት ደግሞ ሰው ሲበተን፣ እትዬ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ። "መቼ ነው የጀመረሽ?" አሉኝ። ኅዳር አልኳቸው።

"እናትሽም ነበረባት።"

ምን?

"አባትሽ የሞተ ጊዜ። አንች የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ሁለት ቦታ ነበር የወጣባት፤ አንዱ እዚሁ አንች የወጣብሽ ላይ ነው። እኔ ነበርኩ ዙሪያውን እየሠራሁ የምሸፍንላት። ሁለት ዓመት ሙሉ።"

"ተመለሰላት?"

"ተመለሰ። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ መጣ፣ እንደ ጫጩት ላባ። ኋላ ጠቆረ።"

ለምን አልነገረችኝም አልኳቸው።

"አንች መች ራሷን አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ልጄ?"

ለመውቀስ አልነበረም ያሉት። እውነት ነው እንጂ። እናቴ የእኔን ራስ ስትዳስስ ኖረች፤ እኔ የሷን አንድ ቀን ነክቼ አላውቅም። ሁለት ክብ ተሸክማ ልጅ ስታሳድግ ከጉልበቷ ሥር ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት፣ አመመኝ ቀስ በይ እያልኩ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። ሥራ አልበዛብኝም ነበር እትዬ፤ ተኝቼ ነው የቀረሁት አልኳቸው።

"ታውቃለች እኮ" አሉ። "'ልጄ ብርድ ፈርታ ነው፣ ሥራ በዛብኝ ትለኛለች' ብላ ስትስቅ ነበር። ሲሞቅ ትመጣለች አለችኝ።"

አለቀስኩ። በቀብሩም እንዲህ አላለቀስኩ። ነጩን ነጠላ አበላሸሁት።

ስረጋጋ፣ እትዬ እስቲ ይዩልኝ፣ የጀመረ ነገር አለ? አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ። "ዓይኔ ቀጭን ነገር አይለይም፤ መርፌ እንኳ ሰው ነው ክር የሚያስገባልኝ። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ፈልጊ" አሉኝ።

ከመሄዴ በፊት የሳቸውን ራስ ቅቤ ቀባሁ። አንዲት ሹሩባም ሞከርኩ፤ ጠማማ ሆነች። "ትማሪያለሽ" አሉና እንዳለች ተዉዋት። የእናቴን ሚዶ ይዤ መጣሁ።

ሰኞ፣ ጥር 26

በነጭ ነጠላ ሥራ ገባሁ። ጋሽ ሞላ ከወንበራቸው ተነሥተው "እንኳን ከሐዘን ወጣሽ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ራሴ ቀሎኝ፣ የጎደለኝ ነገር ያለ እየመሰለኝ ቋጠሮ ፍለጋ እጄ ወደ ማጅራቴ ሲሄድ ዋለ። ቁርስ በልቻለሁ። ይኸም ይመዝገብ።

ቤት ስገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መድኃኒቱን አወጣሁ፣ ስልኩን አነሣሁ፣ እጄን ልጠመዝዝ ስል ከግድግዳው ወዲያ ትር ትር ትር።

ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ ክር የምታስገባ ሴት።

እዚህ ግቢ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የአስቴርን በር ሳንኳኳ ግን ዛሬ መጀመሪያዬ ነው። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ከፈተችልኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላዘጋጀሁም። "እስቲ ራሴን እዪልኝ" አልኳት። ምን ሆንሽ አላለችኝም። የሰው ቀሚስ ከወንበሩ ላይ አነሣች፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችኝ፣ ጸጉሬን ገለል አደረገች።

ጎንበስ አለች። በጣም ቆየች። አትንገሪኝ ልላት ምንም አልቀረኝ።

"እነዚህን ነው?" አለች።

"ምኑን?"

"ነጫጮቹን። ቀጫጭን ናቸው፣ የክር ጫፍ ነው የሚመስሉ። ዳር ዳሩን ነው፤ መሐሉ የለውም ገና። ልቁጠርልሽ?"

መሐሉ ይምጣ አይምጣ ሲስተሯም አልነገረችኝ፣ እኔም አላውቅም። ቁጠሪ አልኳት። አንድ፣ ሁለት፣ እያለች በጣቷ ጫፍ እየነካች ሄደች። ሰባት ስትደርስ ተምታታባትና እንደገና ከአንድ ጀመረች። እኔም አላቸኮልኳትም።